ፋይሉ ሁሉ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን አልነሳም

ጥቁር ስክሪን። ከላይ በግራ ጥግ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሌላ ምንም የለም። የስህተት መልእክት የለም፤ ጩኸት የለም፤ ያ የምናውቀው ሰማያዊ ገጽ እንኳ የለም። ሰረዟ ብቻ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ያረጀውን ሃርድ ዲስኬን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ልተካ ብዬ አመሻሹ ላይ ነበር የጀመርኩት። የኮፒ ሶፍትዌሩ 100 ፐርሰንት ብሎ አረንጓዴ ምልክቱን ካሳየኝ ቆይቷል። ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ አየሁት። ፎቶዎቹ አሉ። ሰነዶቹ አሉ። ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ከነሆድ ዕቃው ቁጭ ብሏል። የጎደለ አንድ ፋይል የለም። መልሼ ሰካሁት፣ ፓወር ተጫንኩ። ያው ሰረዝ።

እንዲህ ሲሆን አብዛኞቻችን የምናደርገው ይታወቃል። "በቃ፣ ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ ልጫነው" እንላለን። እኔም ከዚያ ቀን በፊት ስንት ጊዜ ብያለሁ። የዚያን ሌሊት ግን እልህ ያዘኝ። ሁሉም ነገር እያለ የማይነሳው ለምንድነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ፓወር ስንጫን መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ነው። የድሮው ባዮስ ስለ ፋይል የሚያውቀው ነገር የለም። ፎልደር አያውቅም፤ ዊንዶውስ አያውቅም፤ ሊኑክስ አያውቅም። ሥራው ከዲስኩ የመጀመሪያዋን ሴክተር (ዲስክ የሚከፋፈልባትን ትንሿን ቁራጭ) አንስቶ ሜሞሪ ላይ ማስቀመጥና "በል እንግዲህ፣ አንተ ቀጥል" ማለት ብቻ ነው። ሴክተሯ 512 ባይት ናት። ትንሽነቷን ለመገመት ያህል፣ በተለመደው የጽሑፍ አጻጻፍ ስልት፣ በዩቲኤፍ 8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። 170 ፊደል ከጻፍንባት ሞላች ማለት ነው። ይህ አንቀጽ ራሱ አይገባባትም።

በዚያች ጠባብ ቦታ ብዙ ነገር ታጭቋል። የመጀመሪያዎቹ 440 ባይቶች ፕሮግራም ናቸው። ቀጥሎ 4 ባይት የዲስክ ፊርማ አለ። ይህችን ፊርማ ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ ታፈላለች። ከዚያ ሁለት ባይት ታልፎ 64 ባይት የፓርቲሽን (ዲስኩ የተከፈለባቸው ክፍሎች) ሰንጠረዥ ይመጣል። አራት መስመር፣ ለእያንዳንዱ መስመር 16 ባይት። መዝጊያው ላይ ሁለት የማረጋገጫ ባይቶች አሉ። ኤምቢአር የሚባለው ይኸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ሲስተም፣ ከዶስ 2.0 ጋር መጥቶ እስከዛሬ ያልሞተ ነገር ነው። ከአራት በላይ ዋና ፓርቲሽን መሥራት እምቢ ያላችሁ ቀን ካለ፣ ምክንያቱ ይህች የአራት መስመር ሰንጠረዥ ናት።

ያ የ440 ባይት ፕሮግራም ሰንጠረዡን ያይና "አክቲቭ" የሚል ምልክት ያለበትን ፓርቲሽን ይፈልጋል። ሲያገኘው የዚያን ፓርቲሽን የመጀመሪያ ሴክተር አንስቶ ሥራውን ያስረክባል። እሷም ስለ ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስኩ ላይ ስለሚደረደሩበት ሥርዓት) ጥቂት ታውቃለች። ቀጣዩን ለማግኘት የሚበቃትን ያህል ብቻ። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ቀጣዩ ኤንቲሎደር የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ከቪስታ ወዲህ ቡትማናጀር ሆነ። እሱ ደግሞ ዊንዶውስን ይፈልጋል። ሁሉም የሚያውቀው ከፊቱ ያለውን አንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን እንዳለ አይጠይቅም።

እንግዲህ እኔ ያደረግኩት ምንድነው? ሲ ድራይቭን፣ ማለትም አንድ ፓርቲሽን፣ ኮፒ አደረግኩ። ኤምቢአር ግን የማንም ፓርቲሽን አካል አይደለም። ከሁሉም ውጭ፣ በሩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፓርቲሽን ብቻ የሚወስድ ሰው በሩን ትቶት ነው የሚሄደው። ይህን እንኳ አስቀድሜ ሰምቼ ስለነበር በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ገብቼ አዲስ ኤምቢአር ጽፌ ነበር። ፓርቲሽኑንም አክቲቭ አድርጌዋለሁ። ሁለቱንም ደጋግሜ አረጋገጥኩ። ሰረዟ ግን አልሄደችም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ የወደድኩት ክፍል ስለሆነ።

አሮጌው ዲስክ መጀመሪያ ፓርቲሽን የተሠራለት በኤክስፒ ዘመን ነው። ዊንዶውስ 7 በኋላ እዚያው ላይ ተጫነበት። በኤክስፒ ዘመን የመጀመሪያው ፓርቲሽን የሚጀምረው ከ63ኛው ሴክተር ነበር። ከቪስታ ወዲህ ግን ከ2048ኛው ሆነ፤ ልክ 1 ሜጋባይት ላይ ማለት ነው። የኮፒ ሶፍትዌሬ አዲሱን ፓርቲሽን በአዲሱ ሕግ 2048 ላይ አስጀመረው። ይዘቱን ግን እንዳለ ነው ያወረደው። ነጥብ ሳይቀይር። ትክክለኛ ኮፒ ማለት ይህ አይደል?

ችግሩ፣ የፓርቲሽኑ የመጀመሪያ ሴክተር ውስጥ "ከእኔ በፊት ስንት ሴክተር አለ" የምትል ቁጥር አለች። የተደበቁ ሴክተሮች ይሏታል። የማስነሻው ኮድ የራሱን ቀሪ ክፍል ለማግኘት ከዚህች ቁጥር ተነስቶ ይቆጥራል። ቁጥሯ 63 ትላለች። እሱም አምኗት ከዲስኩ 63ኛ ሴክተር ላይ ሄዶ ያነባል። እዚያ ግን አሁን ምንም የለም። ፓርቲሽኑ የሚጀምረው ገና ወደፊት፣ 2048 ላይ ነው። ባዶውን አንስቶ እንደ ፕሮግራም ሊያስኬደው ይሞክራል። እዚያው ይቀራል። ሰረዟም ብልጭ ድርግም ትላለች።

ባይቶችን አንድ በአንድ በሚያሳየው ሄክስ ኤዲተር ከፈትኳት። ከዜሮ ስንቆጥር 28ኛው ባይት ላይ ናት። 3ኤፍ 00 00 00 ይላል። በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 3ኤፍ ማለት 63 ነው። እዚያ ላይ 00 08 00 00 ብዬ ጻፍኩ። የተገላበጠ የመሰላችሁ ትንሹ ባይት ስለሚቀድም ነው፤ ሲነበብ 2048 ነው። ሴቭ አደረግኩ። እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል ብል አላጋነንኩም። በጠቅላላ የቀየርኩት 4 ባይት ነው። ከስንት መቶ ጊጋባይት ውስጥ እዚያ ያቆመኝ ያ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን የተበላሸ መረጃ አልነበረም። አሮጌው ቤት ላይ እውነት የነበረ ነገር አዲሱ ቤት ላይ ውሸት ሆኖ ነው።

ፓወር ተጫንኩ። ሰረዟ ጠፋች! ልቤ ድው ድው ሲል ደግሞ ሌላ ጥቁር ገጽ መጣ። ይሄኛው ቢያንስ ጽሑፍ አለው። የሚያስፈልገኝን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም፣ የመጫኛውን ሲዲ አስገባና ጠግን፣ ይላል። ቡትማናጀር ነው የሚያወራኝ። እሱ ተነስቷል። የሚፈልገው ሰው ነው የጠፋበት።

ሰው ይህን መልእክት ሲያይ ይደነግጣል። እኔ ደስ አለኝ። በሰንሰለቱ ላይ አንድ ሰው ወደፊት ተራምደናል። ከዚያን ቀን ወዲህ "አይነሳም" የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው "የት ድረስ ተነሳ?" ብዬ ነው።

ቡትማናጀር ዊንዶውስ የት እንዳለ የሚያውቀው ቢሲዲ ከሚባል ትንሽ የመረጃ ቋት ነው። እዚያ ውስጥ "ሲ ድራይቭ" ተብሎ አልተጻፈም። ፊደሉን የሚሰጠው ዊንዶውስ ራሱ ከተነሳ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሲ የሚባል ነገር ገና የለም። የተጻፈው የዲስኩ ፊርማና ፓርቲሽኑ የሚጀምርበት ርቀት ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ፊርማ ማለት ይቺ ናት። አዲሱ ዲስክ የራሱ ሌላ ፊርማ አለው። ርቀቱም ተቀይሯል። ቡትማናጀር በስምም በአድራሻም የማይታወቅ ሰው ደጅ ቆሞ ያንኳኳል።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስ። ኤክስፒ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ቡት ነጥብ አይኤንአይ የሚባል ፋይል ነበር፤ ማንም በኖትፓድ ከፍቶ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ። ውስጡ ዲስኩ ስንተኛ፣ ፓርቲሽኑ ስንተኛ እንደሆነ በቁጥር ተጽፏል። ዲስኩ ከ0 ይቆጠራል፤ ፓርቲሽኑ ደግሞ ከ1። ይህን ማን እንደወሰነ ባገኘው የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ። አንድ ጊዜ ከሲ በፊት ሌላ ትንሽ ፓርቲሽን ጨምሬ ሲ ከአንደኛነት ወደ ሁለተኛነት ወረደ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ "ሃል ነጥብ ዲኤልኤል የሚባለው ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል" አለኝ። ምስኪን እኔ፣ ያንን ፋይል ከሌላ ኮምፒውተር አምጥቼ ሁለት ቀን ስተካ ከረምኩ። ፋይሉ ምንም አልሆነም ነበር። ኤንቲሎደር የተሳሳተ ፓርቲሽን ውስጥ ገብቶ ሲፈልገው ስላጣው ነው "ጠፍቷል" ያለው። 1 የምትለዋን ቁጥር 2 ባደርጋት ኖሮ ያበቃ ነበር።

በሥራዬ ላይ ስንት ዓመት ከቆየሁ በኋላ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ዲስክን የሚፈልግ ሁሉ በሁለት መንገድ ነው የሚፈልገው። ወይ በተራ ቁጥር፣ ወይ በመታወቂያ። በተራ ቁጥር ከፈለገ፣ ዕቃ ስታዘዋውሩ ይጠፋበታል፤ ተራው ይቀየራላ። ይህን ለማስቀረት ነው መታወቂያ የመጣው፤ የዲስክ ፊርማ፣ ከዚያም በጂፒቲ (ኤምቢአርን በተካው አዲሱ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ) እና በሊኑክስ የምናየው ያ ረጅም የ128 ቢት ቁጥር። መታወቂያ ዕቃው የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። ችግር ተፈታ ተባለ። ሆኖም ኮፒ ስታደርጉ መታወቂያውም አብሮ ኮፒ ይሆናል። በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የተባለ ነገር ጠረጴዛችሁ ላይ ሁለት ሆኖ ይቀመጣል። ማዘዋወርን የሚችለው ስልት መንታን አይችልም።

ዊንዶውስ መንታ ሲያይ ምን ያደርጋል? አንደኛውን "ኦፍላይን" ብሎ ያስቀምጠዋል። እኛ ደግሞ ቸኩለን በቀኝ ክሊክ "ኦንላይን" እናደርገዋለን። በዚያች ቅጽበት ዊንዶውስ ለዚያ ዲስክ አዲስ ፊርማ ይጽፍለታል። ምንም አይነግረንም። ዲስኩ ይከፈታል፤ ፋይሎቹ ይታያሉ፤ ደስ ይለናል። በኋላ ያንን ዲስክ ብቻውን ሰክተን ልናስነሳው ስንል ቢሲዲው አሮጌውን ፊርማ ይፈልጋል። የለም። "ትናንት ኮፒው ጥሩ ነበር እኮ!" ትላላችሁ። ጥሩ ነበር። ልይ ብላችሁ ስትከፍቱት ነው የተበላሸው።

አንዲት ጓደኛዬ ጋ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ዊንዶውስን ወደ አዲሱ ኤስኤስዲ አዛወረች። አሮጌውን ዲስክ ለፎቶና ለፊልም ብላ እዚያው ተወችው። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ይፈጥናል፣ ሁሉም ሰላም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አሮጌውን አጽድታ እንደ አዲስ ልትጠቀምበት ፈለገች። በማግስቱ ጠዋት ደወለችልኝ።

"ኮምፒውተሬ ሞተ።"

"ምን ነካሽው?"

"ምንም! አሮጌውን ዲስክ ነው ያጠፋሁት። ዊንዶውሱ እኮ አዲሱ ላይ ነው ያለው።"

"ያቺን 100 ሜጋባይትስ አዛውረሻት ነበር?"

"የቷን 100 ሜጋባይት?"

ይቺ ነች ነገሯ። ዊንዶውስ 7 ባዶ ዲስክ ላይ ሲጫን ከሲ በፊት ድራይቭ ፊደል የሌላት የ100 ሜጋባይት ፓርቲሽን ይሠራል። ፊደል ስለሌላት ማይ ኮምፒውተር ውስጥ አትታይም። ቡትማናጀርና ቢሲዲ የሚኖሩት እዚያ ነው። ጓደኛዬ የምታየውን ሁሉ ኮፒ አድርጋለች፤ የማታየውን ግን እንዴት ታድርገው? ለሦስት ሳምንት ኮምፒውተሯ ሲነሳ የነበረው በአሮጌው ዲስክ በር ገብቶ ወደ አዲሱ ቤት እየተሻገረ ነው። እሷ በሩን አፈረሰችው።

መፍትሔው አስር ደቂቃ አልፈጀም። በመጫኛ ፍላሽ ማስነሳት፣ ኮማንድ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) መክፈት፣ ፓርቲሽኑን አክቲቭ ማድረግ፣ ከዚያ ቢሲዲቡት የሚባለውን ትእዛዝ የዊንዶውስ ፎልደሩን አሳይቶ ማስኬድ። እሱ የማስነሻ ፋይሎቹን እንደ አዲስ ያስቀምጣል፤ የዛሬውን ፊርማና የዛሬውን ርቀት አይቶ አዲስ ቢሲዲ ይጽፋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። በመጫኛው ፍላሽ ስትገቡ የድራይቭ ፊደሎቹ የተለመዱት አይሆኑም። ሲ የሆነው ዲ፣ ዲ የሆነው ኢ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የዊንዶውስ ፎልደር የቱ ላይ እንዳለ አይታችሁ ነው መጻፍ ያለባችሁ።

አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ጨዋታው ተቀይሯል። ባዮስ ቦታውን ለዩኢኤፍአይ ለቋል፤ ኤምቢአር ለጂፒቲ። ዩኢኤፍአይ ከአባቱ ይልቅ የተማረ ነው። ፋይል ማንበብ ይችላል። ፋት 32 በሚባል ፋይል ሲስተም የተሠራች ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ገብቶ ፋይሉን በስሙ ጠርቶ ያስነሳል። አክቲቭ ምልክት የለም፤ የ440 ባይት ፕሮግራም የለም። ሰው ሁሉ "በቃ፣ ይህ ጣጣ አለፈ" ብሎ ነበር።

አላለፈም። የሚነሳው ፋይል የትኛው እንደሆነ የሚጻፈው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ሜሞሪ ውስጥ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ አላመንኩም። ዲስኩን ከመጀመሪያ ባይት እስከ መጨረሻ ባይት ብትገለብጡት እንኳ የማትገለብጡት አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ እሱም ሌላ ዕቃ ላይ ነው ያለው። የፓርቲሽኑ መታወቂያ ከተቀየረ ማዘርቦርዱ የያዘው ማስታወሻ የሞተ አድራሻ ይሆናል። ዲስኩን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከወሰዳችሁት ደግሞ ያኛው ማዘርቦርድ ማስታወሻው ከነጭራሹ የለውም።

ደግነቱ አንድ መውጫ አለ። ዩኢኤፍአይ ምንም ማስታወሻ ሲያጣ ኢኤፍአይ ከሚለው ፎልደር ውስጥ ቡት የሚለውን ገብቶ ቡትኤክስ64 የተባለ ፋይል ይፈልጋል። ፍላሽ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ሰክተን የምናስነሳው በዚህ ነው። እኔ ሊኑክስ ወደ አዲስ ዲስክ ካዛወርኩ በኋላ የቡትሎደሩን (ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) አንድ ቅጂ በዚህ ስም አስቀምጣለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ አድኖኛል።

ጂፒቲ ራሱ ሰንጠረዡን ሁለት ቦታ ያስቀምጣል። አንዱ መጀመሪያ ላይ፣ መጠባበቂያው ዲስኩ መጨረሻ ላይ። ዲስኩን እንዳለ ወደ ትልቅ ዲስክ ስትገለብጡት መጠባበቂያው መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ለመነሳት አያግደውም፤ የፓርቲሽን ሶፍትዌሮች ግን እስክታስተካክሉት ድረስ ይነጫነጫሉ።

ሊኑክስስ? ሊኑክስ ላይ ከሁሉ በፊት የተዋወቅኩት ሊሎን ነው። ቡትሎደር ነው፤ ልማቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 መጨረሻ ቆሟል። ሊሎ ፋይል ሲስተም አያውቅም። ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና ፕሮግራም) የተቀመጠባቸውን ሴክተሮች ቁጥር ጽፎ ይይዛል። ፋይሎቹን ኮፒ ስታደርጉ ከርነሉ ዲስኩ ላይ ሌላ ቦታ ያርፋል፤ ሊሎ ግን የድሮዎቹን ቁጥሮች ይዞ ይሄዳል። ደስ የሚለኝ ሲሞት እንኳ የሞተበትን ቦታ መናገሩ ነው። ስሙን ፊደል በፊደል ነው ስክሪን ላይ የሚጽፈው። አራቱም ፊደላት ከወጡ ደህና ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ከቆመ፣ ሁለተኛው ክፍሉ ተጭኗል፤ ግን መሥራት አልቻለም። ከዚህ የተሻለ የስህተት መልእክት ዛሬም ብዙ አላይም።

ግራብ ሊሎን ተካው። ፋይል ሲስተም ያነባል። ግን እሱም ከባዮስ ጋር ሲሠራ አንድ ክፍሉን የሚደብቀው በኤምቢአርና በመጀመሪያው ፓርቲሽን መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ነው። በድሮው አከፋፈል 62 ሴክተር፣ 31 ኪሎባይት ብቻ የሆነች ቦታ። ስለዚህ ፓርቲሽን ብቻ የሚያዛውር ሰው ግራብን ግማሽ ጎኑን ትቶት ነው የሚሄደው። "ግራብ ሬስኪዩ" የሚል ጥቁር ገጽ ካያችሁ ግማሹ ሌላውን ግማሽ እየፈለገ ነው።

መንታ መታወቂያ ሊኑክስ ላይም አለ። አንድ ጊዜ ኮፒውን አስነስቼ ግማሽ ቀን ስሠራ ውያለሁ። ወደ ማታ የዲስክ ቦታ ሳይ ስሠራበት የዋልኩት አሮጌው ዲስክ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱም ተሰክተዋል፤ ሁለቱም ዩዩአይዲያቸው (ያ የ128 ቢት መታወቂያ) አንድ ነው። ሲስተሙ መጀመሪያ ያገኘውን አንስቷል። ምን ይፈረድበታል? ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ከዚህ ይጠነቀቃል፤ አንድ ዓይነት መታወቂያ ያለው ሁለተኛ ሲመጣ አልከፍትም ይላል። ያኔ ያናድዳል። አሁን ሳስበው ልክ እሱ ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ስዋፕ ፓርቲሽንን (ሜሞሪ ሲሞላ ትርፉ የሚቀመጥበትን) ኮፒ ማድረግ ምን ያደርጋል ብዬ እንደ አዲስ ሠራሁት። አዲስ ዩዩአይዲ አገኘ። ሲነሳ የሚከፈቱት ዲስኮች በተዘረዘሩበት ፋይል፣ ኤፍኤስታብ ላይ ግን የድሮው ነው የተጻፈው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የሌለ ዲስክ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይጠብቃል። ሲሰለቸው ትቶት ይነሳል። ይህን ለወራት "ዲስኩ አርጅቶ ነው" እያልኩ ኖሬያለሁ። ሰነፍ ነኝ።

አድራሻ ሁሉ ትክክል ሆኖም የማይነሳበት ጊዜ አለ። ሁለቱን በአጭሩ ልጥቀስ። ዊንዶውስ ተነስቶ ከመሃል ሰማያዊ ገጽ ላይ ቁጥሩ 7ቢ የሆነ ስህተት ካመጣ፣ ዲስኩን የሚያናግርበት ድራይቨር ከመነሻው አልተጫነለትም ማለት ነው። ዲስኩ አዲስ ዓይነት ማገናኛ ላይ ሲዞር፣ ወይም ሌላ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ይመጣል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባሉት ላይ ብዙ ጊዜ አንዴ በሴፍ ሞድ ማስነሳት ይበቃዋል። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ያለበት ዲስክ ደግሞ ማዘርቦርዱ ሲቀየርበት ይጠረጥርና 48 አሃዝ ያለውን የማገገሚያ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉን ሳትይዙ ይህን ሥራ አትጀምሩ።

ሦስተኛውን ልተወው ነበር፤ ግን አንድ ቅዳሜ ሙሉ በልቶብኛል። በዩኤስቢ ማቀፊያ ሰክቼ የገለበጥኩት ትልቅ ዲስክ ከማቀፊያው አውጥቼ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስሰካው ባዶ ሆኖ ታየ። ሙሉ በሙሉ ባዶ፤ ፓርቲሽን የሚባል ነገር የለውም። ማቀፊያው ውስጥ ስመልሰው ሁሉም አለ። ድግምት መሰለኝ። ማቀፊያው ሴክተሩን 4096 ባይት አድርጎ ነበር የሚያሳየው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በ512 ይቆጥራል። የጂፒቲ ሰንጠረዥ የሚፈለገው ከሴክተር 1 ላይ ነው። ለአንዱ ሴክተር 1 ማለት 512ኛው ባይት ነው፤ ለሌላው 4096ኛው። ሁለቱም አንድ ዲስክ እያዩ ሁለት ቦታ ይሄዳሉ። እንደገና ኮፒ ማድረግ ነበረብኝ፤ በዚህኛው ጊዜ በቀጥታ ሰክቼ።

አሁን እንዴት ነው የምሠራው ብትሉኝ፣ ከቻልኩ ፓርቲሽን ሳይሆን ዲስኩን ሙሉ እገለብጣለሁ። ከነበሩ፣ ከነክፍት ቦታው፣ ከነፊርማው። እንደጨረስኩ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አሮጌውን ዲስክ እነቅላለሁ። ኮፒው የመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ብቻውን መሆን አለበት። ዊንዶውስ የትኛው ፓርቲሽን ሲ እንደሆነ ሬጅስትሪው (የዊንዶውስ የራሱ መዝገብ) ውስጥ ጽፎ ይይዛል፤ አሮጌውን አጠገቡ ካየው ሲ የሚለውን ፊደል ለእሱ ሊሰጥበት ይችላል። አሮጌውንም ቢያንስ ለአንድ ወር አልነካውም። ጓደኛዬ ሦስት ሳምንት ጠብቃ ነበር፤ እኔ አንድ ሳምንት ጨመርኩበት።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። የመጫኛ ፍላሹን ሰክቼ ቢሲዲቡትን አስኬድኩ። "የማስነሻ ፋይሎች በትክክል ተፈጥረዋል" አለኝ። ፍላሹን ነቀልኩ። አሮጌው ዲስክ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ኬብሉ ተነቅሏል። ፓወር ተጫንኩ።

ሰረዝ የለም። ጽሑፍ የለም። የዊንዶውስ አርማ ቀስ ብሎ ወጣ። ከዚያ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ከዚያ ዴስክቶፑ፣ ያው የማውቀው ዴስክቶፕ፣ አይኮኖቹ እንደተዝረከረኩ። ሰዓቱን አየሁ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል።

ወንበሬ ላይ ለጠጥ ከማለቴ በስተቀኝ ታች አንዲት ትንሽ መልእክት ብቅ አለች። አዲስ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ለውጡ እንዲሠራ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ፣ ትላለች። ሁለት ምርጫ አላት። አሁን፣ ወይም በኋላ።

ማውሱን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። "በኋላ" የሚለውን ተጫንኩና ስክሪኑን ብቻ አጥፍቼ ተኛሁ።